የኋላ በሯ ሐሜተኛ

አባቴ በጥርሱ ነበር የሚሰማው።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ያኔም ይስቁ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጋራዣችን ለሚመጣ ባለመኪና ሁሉ አፌን ሞልቼ «የእኔ አባት እኮ በጥርሱ ነው የሚሰማው!» እላለሁ። እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ አባቴ ደግሞ ከሁሉም ጎላ አድርጎ ይስቅና በዘይት የጠቆረ መዳፉን አናቴ ላይ ያሳርፋል። ጎበዝ የተባልኩ ይመስለኝ ነበር። አፌን የሚያስዘጋበት መላ አጥቶ እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ሰው የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነበር፤ ባለጆሮው ይሉታል። ሌላው መካኒክ የተሰበረ ይጠግናል፤ እሱ የተደበቀ ድምፅ ይፈልጋል። መኪናው ደህና ነው፣ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ቂው ወይም ጥርር ይልና ባለቤቱን ዕረፍት ይነሳዋል። አራት ጋራዥ ዞሮ ያልተሳካለት ሰው በመጨረሻ «እስቲ ባለጆሮው ጋ ውሰዳት» ይባላል። አባቴ እጀታው የእንጨት የሆነ ረጅም ካቻቢቴ ነበረው። ጫፉን ሞተሩ ወይም በሩ ላይ ይተክልና እጀታውን ነክሶ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ከኋላ መከላከያው ላይ ወጥቼ እየዘለልኩ መኪናውን አነቃንቅለታለሁ። እንደነከሰ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ይቆይና ድንገት «እዚህ ነሽ ለካ!» ይላል። የካቻቢቴው እጀታ ዙሪያውን በጥርስ ተበሳስቶ ነበር።

የእኔ ዋና ሥራ ግን መኪናው ሲነዳ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ እቀመጣለሁ። አባቴ አንዲት ትንሽ ክብ መስታወት ነበረችው፤ በሚሞክረው መኪና ሁሉ ከፊት ለፊቱ እሷን ያጣብቃታል። የምታሳየው መንገዱን ሳይሆን ፊቴን ነበር። እየነዳ «ኩኩሉ!» ይለኛል፣ ልክ ድብብቆሽ ስንጫወት እንደምንለው። ድምፁ ካለ «አልነጋም!» እላለሁ፤ ከጠፋ «ነጋ!»። በየት በኩል እንደሆነም በጣቴ አሳየዋለሁ። ባለመኪናው አብሮን ካለ ግን አፍ አይከፈትም። «ጨዋታችንን ለሰው አንገልጥም፣ እሺ የኔ እመቤት?» ብሎኛል። ያኔ የወንበሩን ጀርባ በጉልበቴ እነካለታለሁ፤ አንዴ ከሆነ ነግቷል፣ ሁለቴ ከሆነ አልነጋም።

ለየድምፁ ስም እናወጣ ነበር። ቂው ቂው የምትለዋ አይጧ ናት። ጠዋት ሞተር ሲነሳ እህ፣ እህ የሚለው ሽማግሌው። አባቴ ሁሉንም እየሰማ፣ ለእኔ ብሎ ያልሰማ የሚመስል ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ልጅ ሲያጫውት እንዲህ አይደል የሚያደርገው? ዛሬ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መስታወት ባስተካከልኩ ቁጥር እነዚያ ዓይኖች ይታዩኛል። ከአፌ ላይ አይነቀሉም ነበር። ስለሚወደኝ ነው የሚያየኝ ብዬ አምን ነበር፤ ይወደኝም ነበር፣ እሱስ እውነት ነው።

እናቴ ግን ትጮህበታለች። ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ በላይ «እጅህን ታጠብ!» ስትለው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። «ውሃው ፈላ!» የምትለውም እንደ ጠብ ነው። እሱ ጀርባውን ከሰጣት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላታል፣ ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበርና በሆዴ «ይበላት» እል ነበር። ይህን የመሰለ ጨዋ ሰው እንዴት እንደዚህ ያለች ጯሂ አገባ ብዬ አዝንለት ነበር። አንድ ጊዜ ሥዕል ስል እሱንና ራሴን መኪና ውስጥ አስቀምጬ እሷን ከውጭ፣ አፏን ከፍታ አቆምኳት። ሥዕሉን ወስዳ አየችው። ግድግዳው ላይ በመርፌ ሰካችው።

ያቺ መኪና የመጣችው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። የጡረታ ዳኛው መኪና ነበረች፤ ከአባቴ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሰውነቷ ጥቁር፣ ጣሪያዋ የወተት ቀለም፣ ትከሻዋ ድብልብል ያለ። ውስጧ ያረጀ ቆዳና የእንጨት ዘይት ይሸታል። ዳኛው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ስለሚል ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያዳምጣቸው። አባቴ ደግሞ ጎንበስ ከማለትም አልፎ ከንፈራቸውን ሊነካ የደረሰ ይመስላል። አክብሮት መሰለኝ።

«አምስት ሰው አይቷታል» አሉት ዳኛው። «ወደ ግራ ስታጠፋ ብቻ ከኋላ አንድ ነገር ትላለች። ሚስቴ በሕይወት ሳለች አትልም ነበር።»

«እናገኛታለን ጌታዬ» አለ አባቴ።

ዞረን ስንሞክራት እውነታቸውን ነበር። ቀጥ ብሎ ሲነዳ ጭጭ። ወደ ቀኝ ጭጭ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ፣ ከግራ የኋላ በር ውስጥ፣ ቅጭል። ስም ለማውጣት አልተቸገርንም። ዞር ሲሉላት ብቻ የምትናገር ማን ናት? ሐሜተኛዋ አልናት።

ሐሜተኛዋ ስምንት ቀን አለፋችን። ወንበሩን አወጣን፣ ምንጣፉን ገለጥን፣ ባሌስትራውን ፈትቶ ገጠመ። እኔ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት መሄድ ትቼ ነበር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በሰባተኛው ቀን ማታ እራት ላይ ጠብ ሆነ። እናቴ የመምህሬን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ልጅቷ ስንት ቀን እንደቀረች ታውቃለህ? እስከ መቼ ነው በልጅ ጆሮ የምትኖረው?»

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አለ አባቴ። «ዳኛው የሙያ ትምህርት ቤቱ ቦርድ ውስጥ ናቸው። ድምፁን ካገኘሁላቸው አስተማሪ አድርጌ አስገባሃለሁ ብለውኛል። እዚያ በእጄ እያሳየሁ ነው የማስተምረው። ሌላው አያስፈልገኝም።»

«እንግዲያው ንገራቸው! እውነቱን ነግረሃቸው ግባ!»

«ከገባሁ በኋላ።»

«አንተ ካልነገርካቸው እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ!»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ብትነግሪያቸው» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንቺና እኔ አበቃን።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንዲት ነገር ብቻ ነው። ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ከሐሜተኛዋ በኋላ ኩኩሉ የለም። መስታወቷም የለችም። እናቴ ልትናገር የምትዝተውም ጨዋታችንን መሰለኝ፤ በቅናት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ካቻቢቴውን ነክሶ በሩ ላይ እንደተደፋ፣ እኔ ከኋላ እየዘለልኩ፣ «እዚህ ነሽ ለካ!» አለ። የበሩን ውስጠኛ ሽፋን ፈታ፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደና አንዲት የብሎን ዳዶ ይዞ ወጣ። ከዓመታት በፊት በሩን የፈታ አንድ መካኒክ ጥሏት የረሳት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ተራ ዳዶ። ሁለት ብረት መሀል ተሰንቅራ፣ መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ብቻ እየተላቀቀች ትመታ ነበር። አባቴ ሳማት። እውነቴን ነው፣ ዳዶዋን ሳማት፤ ከዚያ እኔን አቅፎ አዞረኝ። ወጥተን ሞከርናት። «ኩኩሉ!» «ነጋ!» አልኩት፣ ነግቶም ነበር።

ዳዶዋን ሌሎች ዳዶዎች ከሞሉበት የቆርቆሮ ክዳን ላይ ጥሏት እጁን ሊታጠብ ሄደ። የበሩ ሽፋን ገና አልተገጠመም። ዳኛው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ከክዳኑ ላይ ለቀም አደረግኋት፣ እጄን እስከ ትከሻዬ በሩ ውስጥ ከተትኩ፣ ቦታዋን በዳሰሳ አገኘሁትና ሰነቀርኳት። እጅጌዬ በጥቁር ቅባት ተለወሰ። አባቴ ፊቱን እየጠራረገ ተመለሰና፣ እያፏጨ፣ በገዛ እጁ ሽፋኑን ገጥሞ ዘጋባት።

ክፋት አልነበረም። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም፣ እንደዚያ ስለነበረ ነው። ሐሜተኛዋ ስትመለስ ይሰማታል፣ ይስቃል፣ «አንቺ ተንኮለኛ!» ይለኛል፣ ጨዋታው ይቀጥላል ብዬ ነው።

ዳኛው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀመጡ። የመጀመሪያው ግራ መታጠፊያ ላይ፣ ቅጭል። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ። አባቴ ምንም አልመሰለውም። ሁለተኛው ላይ፣ ቅጭል። ዳኛው ዞር ብለው አዩት። የአባቴ ዓይኖች በክብ መስታወቷ ውስጥ ወደ እኔ መጡ። ኩኩሉ፣ ይላሉ።

እኔ ግን ያን ቀን ተደባቂዋ ነበርኩ። ተደባቂ ቦታውን አያጋልጥም፣ ሕጉ ነው። ወንበሩን በጉልበቴ አንዴ ነካሁት።

«ጌታዬ» አለ አባቴ፣ ድምፁ በኩራት ሞልቶ፣ «ሰሙ? አልሰሙም! ምን አለና ይሰማል? ጸጥ!» ይህን እያለ ወደ ግራ ታጠፈ። ቅጭል።

ዳኛው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል ዝቅ አድርገው «አሁንም አለች እኮ» አሉ። አባቴ ይነዳል። «ወዳጄ፣ መኪናዋን አቁማት» አሉ። አባቴ ዜማ ያንጎራጉራል። ዳኛው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ቆብ አዞሩት። ከዚያ፣ ያው ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «በሩ ተከፍቶ ልጅህ ወደቀች» አሉ።

አባቴ ማንጎራጎሩን አላቆመም።

እኔ ደግሞ፣ ሽማግሌው አበዱ እንዴ፣ አልወደቅሁም እኮ፣ አልኩ በልቤ። ዳኛው ወደ ኋላ ዞረው አዩኝ፤ ጉልበቴ እስካሁን ወንበሩ ላይ ነበር። ጉልበቴን አዩ፣ መስታወቷን አዩ። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የአባቴን ክንድ ነክተው ፊቱን ወደ እሳቸው ካስመለሱ በኋላ «እንመለስ» አሉት።

ጋራዡ በር ላይ ያሉትን ግማሹን ነው የሰማሁት። «ሰው እኮ ሕይወቱን ነው የሚሰጥህ… የፍሬን ድምፅ… ከእኔ መደበቅ አልነበረብህም… ተማሪዎች ፊት እንዴት አድርጌ…» አባቴ ከንፈራቸውን እያየ ቆሞ ነበር፤ አንዴም አልተከራከረም። እንዴት እንዳወቁ ዳኛው አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም፣ ምክንያቱም መልሱን የያዘ መስሎት ነበር።

ቤት እንደገባን እናቴ ስፌት ላይ ነበረች።

«ነገርሻቸው» አላት።

«ምን?»

«ነገርሻቸው! ሌላ ማን ያውቃል? ጠዋት ሄደሽ ነገርሻቸው!»

«በልጄ እምላለሁ…» አለችና ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ እጅጌዬ ወረደ። እስከ ትከሻዬ ጥቁር ቅባት ነው። እናቴ የመካኒክ ሚስት ናት፤ የትኛው ቅባት ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። አፏ ተከፍቶ ነበር፣ ልክ እንደ ሥዕሌ። ዘጋችው። ሳትጮህ ያየኋት ያን ቀን ነው። ቀሚሴን አወለቀችልኝና ውጭ ወጥታ እስኪመሽ ስታሸው ቆየች።

ኋላ ለብቻችን ስንሆን አባቴ «ነግቶ ነበር አይደል?» አለኝ።

«ነግቶ ነበር» አልኩት።

ባለጆሮው የሚለው ስም ባንድ ሳምንት ውስጥ መቀለጃ ሆነ። ሰው ከኋላው ቆሞ እየተሳደበ ጓደኞቹን ያስቅበታል። አባቴ ጋራዡን ዘግቶ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ፤ መደርደሪያ ማንንም አያናግርም። ከእናቴ ጋር አልተፋቱም። ሥራዬ ግን አልቀረም፣ ቦታውን ብቻ ቀየረ። «ለእናትሽ ጨው በዝቷል በያት» ይለኛል፣ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ። እሷም በእኔ በኩል ትመልስለታለች። እኔ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ያም ቀረ።

ነገሩ የገባኝ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት ነርሶች መጥተው ጆሯችንን ሲመረምሩ፣ አንዷ ከኋላዬ ቆማ በሹክሹክታ «ስምሽ ማን ነው?» ስትለኝ፣ ዳኛው፣ መስኮቱ፣ «ልጅህ ወደቀች»፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። እናቴ ለምን ትጮህ እንደነበርም ያኔ ነው የገባኝ። የስምንት ዓመቷን ልጅ ይቅር ብያታለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመቷን አይደለም። የሠላሳ ዓመቷን፣ የራሷን ልጆች ይዛ እየመጣች በሁለቱ መሀል ቁጭ ብላ የምትበላዋን፣ ጭራሽ።

ባለፈው ወር አንድ ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ መኪናዋን አየኋት። ጣሪያዋ የወተት ቀለም። ሰዎች ተደግፈዋት ፎቶ ይነሱባታል። ፎቶ አንሺው ወጣት ነው፤ ከዳኛው የልጅ ልጅ ነው የገዛኋት አለኝ።

«ትሄዳለች?»

«እንዴታ! ትንሽ ከኋላ ቅጭል ከማለቷ በስተቀር። እሱን ማንም ሊያገኘው አልቻለም።»

«ወደ ግራ ስትታጠፍ» አልኩት።

በድንጋጤ አየኝ። «እትዬ፣ እንዴት አወቁ?»

«ካቻቢቴ አለህ?»

ዳዶዋ እዚያው ነበረች፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በእጄ የሰነቀርኳት ቦታ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እናቴ ነው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ዳዶዋን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ቀሚስሽን ማን ያጠበ መሰለሽ?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«የበር ቅባት መሆኑን እያየሁ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም፣ እማዬ?»

«አንቺ ነሻ ጆሮው። የቀረውን ጆሮውን ልቁረጥበት?» ዳዶዋን ገለበጠቻት። «አንቺ ትነግሪዋለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ትልቅ ስትሆን ትነግረዋለች አልኩ። ስትዳሪ ጠበቅሁ፣ ስትወልጂ ጠበቅሁ። እንዲያው ሳልሞት ብትነግሪው ብዬ ነበር።» ዳዶዋን መለሰችልኝ። «በይ ሂጂ።»

አባቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ዛሬ ምንም አይሰማም፤ ሰው የሚያወራው በደብተር ነው፤ የእኔን አፍ ብቻ አሁንም ያነባል። በአፌ ልነግረው አልደፈርኩም። እዚህም ፈሪ ነበርኩ። ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። «ዳዶዋን መልሼ የከተትኳት እኔ ነኝ። አልነጋም ነበር። እማዬ ምንም አልተናገረችም።» ዳዶዋን ገጹ ላይ አስቀምጬ ሰጠሁት።

ዳዶዋን አንስቶ ዳበሳት። በፊት ጥርሱ ነከስ አደረጋት። ከዚያ አነበበ። የመጀመሪያውን ሲያነብ «አንቺ ተንኮለኛ!» አለና ሳቀ፣ ያኔ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁትን። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈባት። ደጋግሞ አነበባት። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ተነሳ። ግድግዳውን እየያዘ ወደ እናቴ ክፍል ገባ፤ ተከተልኩት። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ ድምፁን መመጠን ስለማይችል ሰፈሩን ሁሉ እያሰማ፣ «አንቺ አልነበርሽም!» አላት። «ይቅር በይኝ!»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጮህበት የኖረችው እናቴ፣ ለግድግዳው ፊቷን ሰጥታ፣ ለእኔ እንኳ በጭንቅ የሚሰማ ድምፅ አወጣች። «ዘገየህ» አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኖቹ አፌ ላይ አረፉ፣ ያኔ መስታወቷ ውስጥ እንደነበሩት። ምን አለች? ይላሉ። «ይቅር ብዬሃለሁ አለች» ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር። ሁልጊዜም ያምነኝ ነበር።

ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞርኩና፣ አፌን ከፍቼ፣ በግልጽ አይቶ እንዲያነበው፣ «ዘገየህ አለችህ» አልኩት።

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ወንበር ስቦ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።